ለካራዬ የሰጠሁት እጅ

ሰው ሚስት ሲያጭ ሽማግሌ ይልካል፣ ዘር ያስቆጥራል። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ጅራቱን ይስባል፣ ከገበያው ዳር ወስዶ ሁለት ጊዜ ያስኬደዋል። ቤት ሲሠራ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ካራ ሲገዛ ግን ማንንም አይጠይቅም። ያነሳል፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ "ይቆርጣል" ይላል፣ ይሄዳል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሚስት ብትከፋ ሽማግሌ አለ፤ በሬ ቢከፋ ቅርጫ አለ። ካራ ቢከፋ ምን አለ?

እርግጥ ነው፣ እኔ ጠርጣራ ሰው ነኝ። በር ዘግቼ ከወጣሁ በኋላ መዘጋቱን ለማየት እመለሳለሁ፤ ማየቴን ለማረጋገጥ ደግሞ እንደገና እመለሳለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያሉ አሳደጉኝ። ትምህርቴም ዳዊት ደግሜ ጥቂት መጻፍ እንደቻልኩ ስለቆመ፣ ጥርጣሬዬን የሚያስጥለኝ ነገር አልተማርኩም። ስለዚህ ስለ አንዲት ትንሽ ካራ ይህን ያህል ዘመን አስቤ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ብነግራችሁ አትፍረዱብኝ። የማወራላችሁ የገባኝን አይደለም፤ ያልገባኝን ነው።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ያን ጊዜ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁለት እስከ ዛሪማ በቅሎ እየነዳሁ ባቄላና ገብስ አወርድ ነበር። "ማኪናው ምነው?" ትሉኝ ይሆናል። መንገዱንስ ጣሊያን ሠርቶታል፤ ነገር ግን ማኪና የሚጭነው ብዙ ላለው ሰው ነው። እኔ ያለኝ አንዲት በቅሎና ሁለት ስልቻ ነው። በዚያ ላይ የበቅሎ ሰው የማኪናውን መንገድ አይከተልም። ማኪናው ሲጠማዘዝ እሱ በአቋራጩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ የወረደ ሁሉ ግን አይደርስም።

የመጀመሪያዋ በቅሎዬ አልደረሰችም። ለሰርጌ አማቴ አያ ተገኘ የሰጡኝ ዳማ በቅሎ ነበረች። አንድ ጠዋት ሊማሊሞ ላይ በጭጋግ ውስጥ አዳለጣትና የኋላ እግሮቿ ከመንገዱ ወጡ። ጭነቱ ወደ ገደሉ ዞሮ ይስባታል፤ ጭነቱ የታሰረበት ጠፍር ሆዷን አንቆ ይዟታል። ጠፍሩ ቢቆረጥ ጭነቱ ይሄዳል፣ በቅሎዋ ትተርፋለች። ነገሩ ይህ ብቻ ነበር። እኔ የያዝኩት ደግሞ የጣሊያን ሰንጢ ነው፣ ታጣፊ። ታውቁታላችሁ፤ በጥፍር ቆንጥረው ካልሳቡት የማይከፈት። በደባርቅ ብርድ የደነዘዘ ጣት ጥፍር እንዳለውም ይረሳል። አንዴ ሳብኩ፣ አመለጠኝ። ሁለቴ ሳብኩ፣ አመለጠኝ። በሦስተኛው ተከፈተ። የምቆርጠው ግን አልነበረም።

አያ ተገኘ ሌላ በቅሎ ሰጡኝ። አሰጣጣቸው ግን እንደ ፊተኛው አልነበረም።

"ይቺ ስጦታ አይደለችም፣ አደራ ናት፤" አሉኝ። "የስጦታ አያያዝ አታውቅበትም። ይቺን ብታጠፋ አንጓችን ወደ ቤቴ እመልሳለሁ። በቅሎ ያልያዘ እጅ ሚስት አይይዝም።"

አንጓች ሚስቴ ናት። ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ምን እንዳሰበች እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ጠይቄያትም አላውቅም።

እንግዲህ የማይታጠፍ ካራ አስፈለገኝ። ትንሽ፣ ወገብ ላይ የማይከብድ፣ ከአፎቱ ተመዞ ጠፍርን በአንድ ስበት የሚበጥስ። ቀላል ነገር ነበር። ስህተቴ ሰው መጠየቄ ነው።

መጀመሪያ አማቴን ጠየቅኩ። "ካራ ማለት እጀታ ነው፤" አሉኝ። "ስለትማ ዛሬ ቢዶለዱም ነገ ድንጋይ ላይ ታወጣዋለህ። ከእጅ ያመለጠ ካራ ግን ስለት ቢኖረው ለማን ነው? የሚቆርጠው የገዛ እግርህን ነው። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ሲባል አልሰማህም?" ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን አልነበረም፣ በቅሎዋን ነበር።

ቀጥሎ ካሳን ጠየቅኩ። ካሳ የመንገድ ጓደኛዬ ነው። በጣሊያን ጊዜ የማኪና ረዳት ስለነበረ ብረትን በጠረኑ አውቃለሁ ይላል። "አማትህ እጀታ ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የያዙት ጅራፍ ነው፤" አለኝ። "ካራ ስለት ነው። ብቻ የባሌስትራ ብረት ይሁን፤ ያ ከማኪና ሆድ ሥር ተደራርቦ ጭነት የሚሸከመው። እሱ ድንጋይ ቢመታ አይሸረፍም። እጀታውን እንደሆነ ጨርቅ ጠምጥምበት።"

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። እኔ ግን ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ገበያ ስገባ የማየው የሰው ፊት ሳይሆን የሰው ወገብ ሆነ። አንዱ የጠዳ ገበሬ ረጅም ካራ ታጥቋል። ረጅሙ ሸጋ ነው፣ ብዙ ይስባል፤ ግን ሲቀመጥ ጎኑን ይወጋዋል፣ ሲነሳ ቁምጣውን ይይዘዋል። አጭር ይሁን ስል፣ አጭሩ እጅ ውስጥ ይጠፋል፤ የጠፍሩን አንድ ጠርዝ ቢቆርጥ ሌላውን አይደርስበትም። ጀርባው ስስ ከሆነ ይጎብጣል፤ ወፍራም ከሆነ እንደ ሽብልቅ ይገባና እዚያው ይቀራል። ጫፉስ? ሹል ጫፍ እሾህ ያወጣል፤ በቅሎና ሰው ተደራርበው የወደቁ እንደሆነ ግን ማንኛቸው ውስጥ እንደሚገባ አይታወቅም።

እጀታውም እንደዚያው። ቀንድ ያምራል፤ ቅቤ የነካ እጅ ውስጥ ግን አይረጋም። ወይራ አይበሰብስም፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ስለቱ ትንሽ ከሆነ ካራው በሙሉ ወደ ኋላ ይሰግዳል። አንድ የኮላ ድባ እህል ነጋዴ በቆዳ የተጠቀለለ እጀታን የሚያህል የለም፣ ላብ ይጠጣል አለኝ። "ካራህ የታለ?" ስለው፣ እጀታውን ውሻ እንደበላበት ነገረኝ። ለካ የሚጠጣው ላብ ብቻ አልነበረም፣ መረቅም ነበር።

እንዲህ ስመዝን ሁለት ወር አለፈ። ካራ እስካገኝ ብዬ በቅሎዋን ከደባርቅ ወዲያ አላወርዳትም ነበር፤ ትርፍ ያለው ደግሞ ከደባርቅ ወዲያ ነው። በመጨረሻ አንጓች፣ "አንተ ሰው፣ ይቺ በቅሎ ገደል ሳታይ በሐሳብህ ልታልቅ ነው። እኛም አብረናት፤" አለችኝ። በማግስቱ ወለቃ ሄድኩ።

ወለቃ ከጎንደር ትንሽ ወጣ ብላ ያለች የባለእጆች መንደር ናት። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። የጎንደር ሰው የሚያርሰው በእነሱ ማረሻ፣ የሚቀቅለው በእነሱ ድስት ነው። እንዲያም ሆኖ ስለ እነሱ ምን ይባል እንደነበረ ታውቃላችሁ፤ ካላወቃችሁም ተመስገን ነው። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባል ነበር። ይህን የምንለው በሠሩልን ድስት ወጥ ሠርተን እየበላን ነው። እኔ አላምንም እል ነበር። ነገር ግን አለማመኔንም በደንብ አላምነውም። ነግሬያችኋለሁ፤ በር ዘግቼ የምመለስ ሰው ነኝ።

ባለእጁ ይርዳው ይባላል። ጠጉሩ ገብስማ፣ ክንዱ በእሳት ፍንጣሪ የተዥጎረጎረ ሰው ነው። አማቴ ያሉትን፣ ካሳ ያለውን፣ እኔ ሁለት ወር ያሰብኩትን ሁሉ ዘረዘርኩለት። ወናፉን መንፋት አላቆመም። ስጨርስ፣ "እጅህን አምጣ" አለኝ።

"እጄን ምን ልታደርገው?"

"ካራ የሚሠራ ለእጅ አይደለም እንዴ?" አለና፣ ሚስቱ ከቦካችው የሸክላ ጭቃ እፍኝ የሚያህል ቆርሶ አቀበለኝ። "ካራ እንደያዝክ አድርገህ ጨብጠው። የጣቶችህ መኝታ ይቀርበታል። እጀታውን በዚያ ልክ እጠርበዋለሁ። ስለቱንም እጅህን አይቼ በአንድ ወገን ብቻ ነው የማወጣው፤ ለቀኝ በቀኝ፣ ለግራ በግራ። ያን ጊዜ ሳትገፋው ቀጥ ብሎ ይገባል።"

እንግዲህ በእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ቀኝ እጄ የማማትብበት ነው። የምጎርስበት ነው። እሱን በዓይኑ ፊት ልዘርጋው? መልኩንም በጭቃ አትሜ ትቼለት ልሂድ? እኔ ይህን ሳሰላስል እጆቼ ቀድመውኝ ወስነዋል። ቀኙ ነጠላዬ ውስጥ ገባ፤ ግራው ወጣ።

ይርዳው ግራ እጄን አየ። ፊቴን አየ። እንደገና እጄን አየ።

"የምትቆርጥበት ይሄ ነው?"

"እሱው ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"የገዛ እጄን አላውቅም እንዴ?" አልኩት።

በሕይወቴ እርግጠኛ ሆኜ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ካራውን ወሰድኩ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ ካራ አይቼ አላውቅም። ስለቱ ከመዳፌ ጥቂት የሚረዝም የባሌስትራ ብረት፣ ጀርባው ደልደል፣ ጫፉ ሹልም ዱልዱምም ያልሆነ። እጀታው ቀንድ ነው፤ ግን የጣት መኝታ ስላለው ቅቤም ቢነካው አያዳልጥም። እንዳይጠፋብኝ፣ ከኋላ መጥቶም ማንም እንዳይመዘው፣ አፎቱን እምብርቴ ላይ ታጠቅኩት። ካሳ፣ "አራስ ልጅ አስመሰልከው" ብሎ ሳቀብኝ።

ችግሩ የመጣው ስቆርጥበት ነው። ሥጋ ስቆርጥ ስለቱ ወደ ጎን ይሸሻል። ጠፍር ስቆርጥ እኔ ወደታች ስል እሱ ወደ ዳር ይላል። አውራ ጣቴ የሚያርፍበትን ሲፈልግ የአራት ጣት መኝታ ላይ ይወድቃል፤ አራቱ ጣቶቼ ደግሞ ለአንድ አውራ ጣት በተሠራች ጎድጓዳ ይጋፋሉ። በሰው ቤት የገባ እንግዳ መሰሉ።

አያ ተገኘ አገላብጠው አዩት። "ስለቱ ሸጋ ነው። ጉዱ ያለው እጀታው ላይ ነው። እኔ ምን ብዬህ ነበር?" አሉ። ካሳ ተቀበላቸው። "የለም አያ፣ እጀታውስ ሸጋ ነው። የሚሸሸው ስለቱ ነው። እኔስ ምን ብዬው ነበር?" ሁለቱ እስኪመሽ ተከራከሩ፤ እኔ መሃል ተቀምጬ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እሺ እላለሁ።

"አንተ ግራህን መስጠትህን ረሳኸው?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አልረሳሁም። ግን እጅ እጅ ነው ብዬ ነበር። ሁለቱም አምስት አምስት ጣት አላቸው፤ እኩል አድገዋል፤ ምን ልዩነት አለው? በቡዳ ነገር የጠረጠርኩትን ያህል በገዛ እጄ አልጠረጠርኩም። ይልቅ ባለእጁ አንድ ነገር አድርጎበታል አልኩና ካራውን ጸበል አስረጨሁት። ዛገ።

ሌላ ካራ ላሠራ ብል ይርዳው ፊት እንደገና መቆም ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ዝገቱን በአመድ ፈትጌ፣ ካራዬን እምብርቴ ላይ እንደታጠቅኩ፣ በቅሎዋን ጭኜ ወደ ሊማሊሞ ወረድኩ። ካሳ በቅሎውን እየነዳ ከኋላዬ ነበር።

ያቺው ቦታ ናት። ጭጋጉም ያው ነው። በቅሎ ነጂ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፤ መሳቢያ ገመድ በእጅ ላይ አይጠመጠምም፣ በቅሎዋ ከሄደች ይዛህ ትሄዳለች። እኔ ግን አደራዬን አጥብቄ ለመያዝ ብዬ ቀኝ እጄ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥሜዋለሁ። የጠርጣራ ሰው ብልሃት እንዲህ ነው። በቅሎዋ አዳለጣት፤ የኋላ እግሮቿ ወጡ፤ ገመዱ እጄን ነክሶ ደረቴን ከድንጋዩ ጋር አጣበቀኝ። ጭነቱ እንደ ፊተኛው ዞረ። ጠፍሩ እንደ ፊተኛው ሆዷን አነቃት። ዓይኗን አየሁት። አያ ተገኘን ያየሁ መሰለኝ፤ ከኋላቸው አንጓች ዕቃዋን ተሸክማ ትወጣለች።

ቀኝ እጄ ታስሯል። የቀረችኝ ግራዬ ናት። እምብርቴ ላይ ወረደች፣ እጀታውን ጨበጠች፣ እያንዳንዷም ጣት ያላንኳኳችውን ቤት ተከፍቶ አገኘችው። አውራ ጣቴ ጎድጓዳዋ ውስጥ ተኛ። አንድ ጊዜ ሳብኩ። ስለቱ አልሸሸም፤ ጠፍሩ እንደ ክር ተበጠሰ። ስልቾቹ ወደ ገደሉ ወረዱ፤ ድምፃቸው ዘግይቶ መጣ። በቅሎዋ በፊት እግሮቿ ቧጥጣ ወጣችና ሁለመናዋ እየተንቀጠቀጠ አጠገቤ ቆመች። ትንሽ ቆይታ ሣር መንጨት ጀመረች።

ካሳ ሮጦ ደረሰ። በቅሎዋን አየ፣ የተበጠሰውን ጠፍር አየ፣ ካራውን የያዘ እጄን አየ።

"ግራኝ መሆንህን አላውቅም ነበር" አለኝ።

"እኔም" አልኩት።

ስመለስ ሸጋ የበሬ ቀንድ ይዤ ወለቃ ሄድኩ። "አያ ይርዳው" አልኳቸው። አያ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወናፉ ለአፍታ ቆመ። ከዚህ ወዲህ እኔም አንቱ እላቸዋለሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የማልቆርጥበትን እጅ መስጠቴንም ጭምር።

"አውቃለሁ" አሉ። ተነሱና ከግድግዳው ሥር ያለውን መደብ አሳዩኝ። የተጨበጠ ጭቃ በረድፍ ተደርድሯል፤ ሚስታቸው መጣል ስለማትወድ ከድስቶቿ ጋር ተኩሳቸዋለች። አንዱን አንስቼ በቀኜ ሞከርኩት፤ እምቢ አለ። በግራዬ ያዝኩት፤ ገባልኝ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛውንም።

"እነዚህ የማን ናቸው?"

"የጎንደር ሰዎች ናቸው፤" አሉ። "ቀኝ እጅ አልፈጠረባቸውም።"

"ካወቁ ታዲያ ምነው ዝም አሉን?"

አያ ይርዳው ቀንዱን አገላበጡ። "'ይሄ የምትቆርጥበት እጅ አይደለም' ብልህ ምን ትላለህ? 'ቡዳ ባይሆን በምን አወቀ?' ትላለህ። ቤትህ ገብተህ በፍርሃት ትታመማለህ። ካራው ቢጣመም የሚደርስብኝ ስድብ ነው። አንተ ብትታመም የሚደርስብኝ ዱላ ነው። ስድቡ ይሻለኛል።"

ቀኝ እጄን ከነጠላዬ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው፤ ጭቃ ስጠብቅ እጄን ጨበጡት። ሰላምታ መስሏቸው ይሁን አውቀው ይሁን አልገባኝም። "ያ ካራ በቅሎ አድኗል፤ ተወው። በግራህ ልመድበት፤" አሉና ወደ ወናፋቸው ተመለሱ።

አያ ተገኘ የበቅሎዋን መትረፍ ሲሰሙ ስለ አንጓች ሁለተኛ አላነሱም። ይልቅ "ለእኔም እንደዚያ ያለ ካራ ያስፈልገኛል" አሉ። ወለቃ ሊሄዱ ሲነሱ እስከ በር ሸኘኋቸው።

"አያ፣ እጅ አምጡ ሲሉዎት ቀኝዎን ይስጡ።"

"ምነው? ግራውን የሚሰጥ አለ እንዴ?"

"የለም፣ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው" አልኩ።

ለፋሲካ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገባን። አያ ተገኘ አዲሱን ካራቸውን መዘው፣ ክንዳቸውን ሰብስበው፣ ከታናሹ ብልት ጀመሩ። ካራው ወደ ዳር ሸሸ። እንደገና አስተካክለው ሳቡ፤ እንደገና ሸሸ። ሰው ሁሉ እጃቸውን ያያል። እኔ የእጀታውን ጎን አየሁ፤ የአውራ ጣቷ ጎድጓዳ ያለችው እንደ እኔው ካራ በወዲያ በኩል ነው። አንገቴን ደፋሁ።

"አያ ተገኘ፣ ምነው ካራው እምቢ አለ? እጀታው ነው?" አለ ካሳ፣ እንደ ልማዱ ነገር ፈልጎ።

አማቴ ካራውን ወደ ብርሃን አነሱት። አንድ ጊዜ እኔን አዩኝ፣ አንድ ጊዜ የገዛ ቀኝ እጃቸውን።

"እጀታውስ እንከን የለውም፤" አሉ። "ስለቱ ነው። ካራ ማለት ለካ ስለት ነው።"

እኔም፣ "ልክ ነዎት አያ፣ ስለቱ ነው" አልኳቸውና ድርሻቸውን በግራ እጄ ቆረጥኩላቸው።